ወንበር ሠሪው ዘፋኝ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ፣ የታክሲ ሹፌር ነው፣ "ጋሼ፣ ታክሲውን ሸጬ ጠቅልዬ ሙዚቃ ውስጥ ልግባ?" ብሎ ጠየቀኝ። አርባ ዓመት ጊታር ይዤ ስለኖርኩ "ግባ" የምለው መስሎት ነበር። እኔ ግን የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የዲ. ኤል. ሜናርድን ታሪክ ነገርኩት።

ሜናርድ በ1932 ደቡብ ሉዊዚያና ውስጥ ኢራዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኬጁን ነው፤ ኬጁኖች የሉዊዚያና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው። የኬጁኖች አያት ቅድመ አያቶች ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎች ነበሩ፤ እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከዛሬዋ ካናዳ አባረሯቸው። ሜናርድ ልጅ ሳለ በሉዊዚያና ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ ሲናገር የተገኘ ተማሪ ይቀጣ ነበር። እሱ ግን ያንኑ የሚያስቀጣውን የቤቱን ቋንቋ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ።

በ1951 ኒው አይቤሪያ ውስጥ፣ ቴሽ ክለብ፣ ዝነኛውን የካንትሪ ዘፋኝ ሃንክ ዊሊያምስን አገኘው፤ አወሩም። ያቺን ምሽት ዕድሜ ልኩን ሲያነሳት ኖረ። ኋላም "ኬጁኑ ሃንክ ዊሊያምስ" ተባለ። ልብ በሉ፣ ከሃንክ የካንትሪውን አካሄድ ወሰደ እንጂ የሰፈሩን ወሬ በሰፈሩ ፈረንሳይኛ ነው የዘፈነው።

አሁን ወደምወደው ቦታ ልምጣ። ሜናርድ ነዳጅ ማደያ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን መኪና ሲመጣ እየተነሳ፣ ነዳጅ ቀድቶ ሲጨርስ ተመልሶ እየተቀመጠ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ "ላ ፖርት ዳን አሪየር"ን ጻፈ፤ የጓሮ በር ማለት ነው። አምሽቶና ሰክሮ በጓሮ በር ስለሚገባ ሰው ነው። በ1962 በሸክላ ወጣ። ዛሬ ይህን ዘፈን የማይችል የኬጁን ባንድ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላስ? ወንበር ሠራ። እውነተኛ የእንጨት ወንበር፣ በእጁ። ሰባት ልጆች አሳደገ። ባሕር ማዶ ተዘዋውሮ ዘፈነ፣ በ1994 አሜሪካ ለባህል ጥበበኞች የምትሰጠውን ናሽናል ሄሪቴጅ ፌሎውሺፕ ተሸለመ፣ በ2017 በ85 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ሰው የሚያውቀው በዘፈኑም በወንበሩም ነው።

እኔ በወጣትነቴ የአናጢነት ሥራዬን ጥዬ ነው ሙዚቃ የገባሁት። ማታ ክለብ፣ ቅዳሜ ሰርግ። የቤት ኪራይ ሲደርስ የምትጫወቱት ሰው የጠየቃችሁን ነው፤ አይፈረድባችሁም። የራሴ ዜማዎች ግን ደብተር ውስጥ ቀሩ። አምና አውጥቼ ሳያቸው ግማሾቹ እንዴት እንደሚሄዱ ጠፍቶኛል፤ ይኼ አሁንም ያመኛል። ሜናርድ ክለብ ባይጠራውም ቤቱ ጾሙን አያድርም ነበር። ለዚያ ይመስለኛል የሚወደውን ብቻ ይዞ የዘለቀው።

እርግጥ መጋዝም ጊታርም ባንድ ላይ የማይሆንለት ሰው አለ። ለሁሉም አልፈርድም። ለዚያ ልጅ ግን ታክሲህን አትሽጥ፣ መሪው ጋ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀምጥ፣ ተራ ስትጠብቅ ጻፍ አልኩት። ትናንት ደወለልኝ። ሁለት ስንኝ ይዟል፣ አዝማቹ አልመጣለትም። እሁድ ታክሲውን አቁሞ ይመጣል፤ ጊታሬን ቃኝቼ እጠብቀዋለሁ።