ፀሐይ ለማይገባው ክፍል የትኛው ፖቶስ? ጥያቄና መልስ

ፖቶስን ስሙን ባታውቁት መልኩን ታውቁታላችሁ። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተነስቶ፣ በምስማር እየተደገፈ የሠርግ ፎቶውን ዞሮ መጋረጃው ጋ የሚደርሰው ሐረግ እሱ ነው። አንዳንዱ ሰው «መኒ ፕላንት» ይለዋል። እኔ ከ15 ዓመት በላይ አሳድጌዋለሁ። ጥቂት የማይባሉም በእጄ ሞተዋል። ስለ ጨለማ ክፍል የሚጠይቅ ካለ ይላክልኝ ብዬ ነበር፤ ካሰብኩት በላይ መጣልኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

እትዬ፣ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። ፊት ለፊታችን ሌላ ብሎክ ስላለ ፀሐይ የሚባል አይገባም። ጨለማ የሚወድ ፖቶስ የትኛው ነው?

ጨለማ የሚወድ ፖቶስ የለም የኔ ልጅ። ያለው ጨለማ የሚችል ነው። የሚችለውም እስከ ልኩ ነው።

ፖቶስ የትውልድ ቦታው ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ሞኦሬአ የምትባል ደሴት ናት። ጫካ ውስጥ ከመሬት ይነሳና ብርሃን ፍለጋ ዛፍ ላይ ይወጣል። እየወጣ ሲሄድ ቅጠሉ እየሰፋ እስከ አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል። እኛ ቤት የእጅ መዳፍ አክሎ የሚቀረው ገና ልጅ ሆኖ ስለሚኖር ነው።

ለአንቺ ቤት አንደኛ ምርጫዬ ሙሉ አረንጓዴው፣ ጄድ የሚባለው ነው። ሁለተኛ ቢጫ የተረጨበት ጎልደን። እኛ አገር በብዛት የሚገኘውም ይሄ ስለሆነ አትቸገሪም። ሎሚ ቀለም ያለው ኒዮን አይሞትብሽም፤ ግን ያ የሚያበራው ቀለሙ ይደበዝዛል። ነጭ የበዛባቸውን፣ ማርብል ክዊንን፣ ኤንጆይን፣ ማንጁላን እርሺያቸው። ምግብ የሚሠራው የቅጠሉ አረንጓዴ ክፍል ነው። ነጩ ቁጭ ብሎ የሚበላ ነው። ብርሃን ባነሰበት ቤት ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሲበዛ ቤቱ አይቆምም።

ነጭና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ ገዝቼ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የሚያወጣው ቅጠል ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ሻጩ አታሎኝ ይሆን?

ሻጩን ማርልኝ። ተክሉ ብርሃን ስላነሰው አረንጓዴውን አብዝቶ ነው። ወደ መስኮት ብታስጠጋው አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች እንደገና ሊዥጎረጎሩ ይችላሉ፤ የድሮዎቹ ግን አይቀየሩም። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ካለ፣ የመጨረሻው ዥጉርጉር ቅጠል ያለበት አንጓ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጠው። አለዚያ አረንጓዴው ፈጥኖ ያድግና ሌላውን ይውጠዋል።

ክፍሌ ጨለማ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ? ለእኔ ብሩህ ነው የሚመስለኝ።

ዓይን ያታልላል። እኛ ደብዘዝ ያለ ቦታ ስንገባ ዓይናችን ወዲያው ይለምደዋል፤ ተክል ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም።

ቀን 6 ሰዓት ላይ መብራት አጥፊ። ተክሉን ልታስቀምጪበት ያሰብሽው ቦታ ነጭ ወረቀት አኑሪ። እጅሽን ከወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጊ። የጣቶችሽ ጥላ አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ከታየ የፈለግሽው ፖቶስ ይሆናል። ጥላው የእጅ ቅርፅ ቢኖረውም ድብዝዝ ካለ ጄድና ጎልደን። ጭራሽ ጥላ ከሌለ እዚያ ቦታ ላይ የፕላስቲክ አበባ እንጂ ሌላ አልመክርም።

ቁጥር የሚወድ ሰው ስልኩ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ይጫን። የሚለካው በሉክስ ነው። እኔ የምመራበት ልክ ይሄ ነው፦ ከ200 በታች ከሆነ ተስፋ አላደርግም፤ ከ300 እስከ 1,000 ጄድና ጎልደን ይኖራሉ፤ ነጭ ላለባቸው ከ2,000 በላይ እፈልጋለሁ። እየለካሽ ከመስኮቱ ራቅ በይ። ሁለት እርምጃ ስትርቂ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወድቅ ስታዪ ትደነግጫለሽ። «ሳሎኔ ብሩህ ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ መስኮቱ ሥር ነው።

ዩቲዩብ ላይ የደቡብ መስኮት ምርጥ ነው፣ የሰሜን መስኮት ጨለማ ነው ይላሉ። የእኔ መስኮት ወደ ሰሜን ነው፤ አዲስ አበባ ነኝ። ልተወው?

ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ያ ምክር ለአውሮፓና ለአሜሪካ የተሠራ ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፤ የሰሜን መስኮት በቀትር አያገኛትም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ወደ ሰሜን የምትርቀው። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ስለዚህ የሁለቱም መስኮት ተራ ይደርሳል። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ከአናታችን በላይ ስለሆነች በየትኛውም መስኮት ብዙ ዘልቃ አትገባም።

ለእኛ ዋናው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ወይስ ወደ ምዕራብ ያያል? የምሥራቁ የጠዋት ለስላሳ ፀሐይ ነው፤ አጠገቡ አስቀምጥ። የምዕራቡ የከሰዓት ነው፤ ቅጠል ያቃጥላል። አንድ ሜትር ያህል አርቀው ወይም ስስ መጋረጃ አድርግበት። ሁለተኛ፣ ከመስኮቱ ፊት ምን ቆሟል? የጎረቤት ብሎክ፣ ከላይ የወጣ በረንዳ፣ ዛፍ። በአዲስ አበባ ቤት ብርሃን የሚሰርቀው ከአቅጣጫው ይልቅ ይሄ ነው።

መስኮትህ ፊቱ ክፍት ከሆነ ደፉ ላይ አስቀምጠውና ተኛ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሲዳምን ግን ውሃውን ቀንስ።

ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። በሳምንት ሁለቴ አጠጣዋለሁ፤ ምን ጎደለው?

የጎደለ የለም፤ የተረፈ ነው እንጂ። ውሃው በዝቶበታል።

የጨለማ ክፍል ፖቶስን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ጨለማው ራሱ አይደለም። ብርሃን ሲያንስ እድገቱ ይዘገያል፣ የሚጠጣውም ያንሳል። አፈሩ ሳይደርቅ ሌላ ውሃ ትጨምሪበታለሽ። ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። አንቺ «ጠማው» ብለሽ ትደግሚለታለሽ። የመጀመሪያዬን ያጣሁት በዚህ መንገድ ነው፣ በየጠዋቱ በቡና ስኒ እያጠጣሁ።

ቀን ቆጥረሽ አታጠጪ። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። እርጥበት ካለ ተዪው። በእኔ ጨለማ ኮሪደር አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ፖቶስ ሲጠማ ቅጠሉን ዝልፍልፍ አድርጎ ይነግርሻል፤ አጠጥተሽው በማግስቱ ይነሳል። ሲበሰብስ ግን የሚናገረው ካለቀለት በኋላ ነው። በአፈሩ ላይ የሚያንዣብቡ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ካሉም ምክንያቱ ያው እርጥበት ነው።

የቡና አተላ እደፋበታለሁ ያልሽኝ ደግሞ ሌላ እህት፣ እባክሽ ተዪ። እርጥብ አተላ አፈሩ ላይ ይጋገርና ይሻግታል።

አፈርስ? ከግቢ ቆፍሬ ብጠቀም?

መረሬ ከሆነ አይሆንም። ውሃ ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ ደግሞ ሲሚንቶ ነው። ቀይ አፈር ከሆነ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር እኩል ቀላቅልና፣ ሲሶ ያህል ደቃቅ ሬድ አሽ ጨምርበት። የግንባታ ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ የሚገኘው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ ድንጋይ ማለቴ ነው። ውሃ ያሳልፋል፣ አየር ያስገባል። ከታች ቀዳዳ የሌለው ማስቀመጫ አትጠቀም። የቀለም ባልዲ ከሆነም በጋለ ምስማር ብሳው።

መስኮት የሌለው ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከላይ ግን ነጭ መብራት ቀኑን ሙሉ ይበራል።

ጄድ ይኖራል። መብራቱ ጠረጴዛህ ላይ 400 ወይም 500 ሉክስ ካደረሰ በቂው ነው። ፈጥኖ ያድጋል ብለህ ግን አትጠብቅ፤ በዓመት ጥቂት ቅጠል ቢያወጣ ነው። ቅዳሜና እሑድ መብራቱ ቢጠፋ አይጎዳውም።

ቤት ውስጥ ኮሪደርና መታጠቢያ ቤት የጠየቃችሁኝም መልሱ ይሄው ነው። መስኮት ከሌለ 10 ዋት ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ከተክሉ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉና በቀን 12 ሰዓት አብሩለት። በወር 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈጀው። መብራት ቢጠፋም አትጨነቁ፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ይታገሣል።

እናቴ ማታ መኝታ ቤት ተክል አታስገቡ፣ አየር ይሻማችኋል ትላለች። ሌላው ደግሞ ናሳ አየር ያጸዳል ብሏል ይላል። ማንን ልመን?

ሁለቱንም በግማሽ። ተክል ማታ ኦክስጅን መውሰዱ እውነት ነው፤ ግን በጣም ጥቂት ነው። አጠገብሽ የሚያንኮራፋው ሰው ብዙ እጥፍ ይወስዳል።

የናሳው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ነው፤ ጎልደን ፖቶስም ነበረበት። ሙከራው የተሠራው ግን ጥብቅ ተደርጎ በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ግምገማ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አስልቶ፣ መስኮት ከፍቶ አየር የማናፈስን ያህል ለማጽዳት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል ብሏል። ስለዚህ ስለሚያምር አስገቢው፤ ጠዋት መስኮት መክፈቱን ግን አትርሺ።

የሁለት ዓመት ልጅና ድመት አለን።

እንግዲያው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ መርፌ የሚመስሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ። ያኘከ ልጅ ወይም ድመት አፉን ያቃጥለዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያብጥ ይሆናል። አፉን በውሃ አጥቡት። እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ካያችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ተንጠልጥሎ ወደ ታች የሚወርደውንም ቁረጡ፤ ድመት የምትጫወተው በእሱ ነው።

ከስቶክሆልም ነው። ክረምት ላይ ምን ላድርግ?

ታኅሣሥ ላይ ቀናችሁ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያም ደብዛዛ። ጄድህን ወደ መስኮት አስጠጋ፤ ቅጠሉ ግን ቀዝቃዛውን መስታወት አይንካ፣ ማሞቂያውም ከሥር አያንድደው። ከ10 ዲግሪ በታች ይጎዳዋል። ውሃውን በግማሽ ቀንስ። ማዳበሪያ እስከ መጋቢት የለም። አዲስ መግዛት ካማረህ ደግሞ ሙቀት እስኪመጣ ጠብቅ፤ ከሱቅ እስከ ቤት ያለው ብርድ ብቻ ቅጠሉን ሊያጠቁረው ይችላል።

እህቴ፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ክፍሌ መስኮት የለውም። አንዲት አረንጓዴ ነገር ብትኖረኝ ብዬ ነው። ይሆናል?

ይሆናል እህቴ። አፈርም አያስፈልግሽም።

ከአረንጓዴ ፖቶስ ሁለት ቁራጭ አግኚ። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ አንጓ ይኑረው፤ ሥር የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ቅጠል ብቻውን ሐረግ አይሆንም። ሁለቱን በሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጊ፤ አንጓው ይጥለቅ፣ ቅጠሉ ከላይ ይሁን። አንዱን ኩሽና መስኮት አጠገብ፣ ሌላውን ክፍልሽ። በየሳምንቱ አቀያይሪያቸው። ስታቀያይሪ ውሃውንም ቀይሪ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነጭ ሥር ታያለሽ። እንዲያው በውሃ ብቻ ዓመታት ይኖራል። ኤሲው በቀጥታ የሚነፍስበት ቦታ አታስቀምጪው።

ማዳምሽ ምንድነው ብትል ለኩሽናው ጌጥ ነው በያት። ውሸትም አይደለም።

ብርማ ነጠብጣብ ያለውስ? እሱም ነጭ ስለሆነ አይሆንም?

እሱ ይለያል። ሳቲን ፖቶስ ይሉታል እንጂ የአክስት ልጅ ነው፤ ሲንዳፕሰስ የሚባል ሌላ ዘር። ብርማው ቀለም የሚመጣው ከቅጠሉ ቆዳ ሥር ካለ አየር ነው፤ አረንጓዴው አልጎደለም። ከማርብል ክዊን በተሻለ ጥላ ይችላል።

አበባ ያወጣል ወይ? ቤታችን 20 ዓመት ኖሯል፤ አይተን አናውቅም።

አታዩምም። አበባ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ጂበሬሊን የሚባል ሆርሞን በበቂ አይሠራም። ብርሃንም ማዳበሪያም አያስተካክለውም።

እትዬ፣ ከነጯ ማርብል ክዊንሽ ቁራጭ ትሰጪኛለሽ? ግራውንድ ላይ ያለሁት ነኝ።

አንቺ ነሽ እንዴ! ቅዳሜ ከሰዓት ነይ፤ ብርጭቆም ይዘሽ ነይ። ከጄዱ አምስት ቁራጭ እሰጥሻለሁ። ነጯን ግን ፎቅ ስትቀይሪ።