በ18 ብላይንድ ሪይዝ ሲመጣብህ

ወንድሜ፣ ችግርህ ይህ ነው፦ ብላይንዱ (ሁለት ተጫዋቾች ካርድ ሳያዩ የሚያስቀምጡት የግዴታ መደብ) 1,000/2,000፣ አንቴው (በየእጁ የሚጨመረው ሌላ የግዴታ መደብ) በጠቅላላ 2,000 በሆነበት የፖከር ቶርናመንት በተን (ከሁለቱ ብላይንዶች በፊት ያለው ቦታ) ላይ 36,000 ቺፕስ ይዘሃል። መሀል የተቀመጠው ሰው 4,500 ሪይዝ ያደርጋል (መደቡን ከፍ ያደርጋል)፤ በአስ-ጃክ ኦፍሱት (ምልክታቸው የተለያየ) ኮል ትላለህ፣ ያንኑ ያህል ታስገባለህ፤ ፍሎፑ (ለሁሉም የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርዶች) አይገጥምህም፤ ትጥላለህ። «አንድም ትልቅ ፖት (መሀል የተጠራቀመ መደብ) ሳልሸነፍ ቺፕሴ ያልቃል» ብለሃል።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት የጠቆመችኝ። ጥፋቱ ከፍሎፕ በኋላ ሳይሆን ኮሉ ላይ ይመስለኛል። ያለህ 18 ቢግ ብላይንድ (ትልቁ ብላይንድ፣ 2,000) ነው። አንድ ኮል ስምንተኛውን ይወስዳል፤ ፍሎፑ ደግሞ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን አስም ጃክም አያመጣም። ወይ ኦል ኢን በል (ያለህን ሁሉ አስገባ) ወይ ጣል። ሽልማቱ ሊጀምር አንድ ሁለት ሰው መውጣት ብቻ ሲቀር ግን በዚህ እጅ ኦል ኢን እንዳትል!

ሒሳቡን ቀስ ብለህ ተከተለኝ። ብላይንዶቹ፣ አንቴውና የሱ ሪይዝ ሲደመሩ 9,500 መሀል ላይ አለ። ኦል ኢን ስትል ሁሉም ከጣሉ ያ ያንተ ነው። ካንተ በላይ ቺፕስ ያለው ያ ሰው ብቻውን ኮል ካለ ፖቱ 77,000 ይሆናል። ያኔ የማሸነፍ ዕድልህ 35 በመቶ ቢሆን ድርሻህ በአማካይ 26,950 ነው፤ ስለዚህ የምትከስረው 36,000 ሳይሆን 9,050 ነው። ከመቶ 49 ጊዜ ገደማ ከጣሉልህ አትከስርም። ከመቶ 25 እጅ ከፍቶ (መጀመሪያ ሪይዝ አድርጎ)፣ ኦል ኢን ስትለው በ10ሩ ብቻ የሚቀጥል ሰው ከመቶ 60 ጊዜ ይጥላል፤ ከኋላህ ያሉት ብላይንዶች አልፎ አልፎ ጥሩ እጅ ቢይዙም ያዋጣል። ከመጀመሪያውም በ10 እጅ ብቻ የሚከፍት ከሆነ ግን ጣል፣ አትከራከር። ኮል ስትል የሚጥልልህ ሰው የለም፤ የሚያስከስርህ ይህ ነው።

ጓደኛህ ያስተማረህ «11,000 አድርግ፣ ኦል ኢን ካለ ጣል» የሚለው ደግሞ ሲሶ የሚጠጋ ቺፕስ አውጥቶ መሸሽ ነው። ስልክህ ላይ የጫንከው ነጻ ሰንጠረዥም ከፊትህ ማንም ሪይዝ ላላደረገበት ሁኔታ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ርካሽ ነገር ስንቱን ከውድድር አስወጣ! አጥፋው።

ቢግ ብላይንድ ላይ ከሆንክ ሌላ ነው፤ 2,500 ብቻ ጨምረህ ለ12,000 ፖት ትጫወታለህና ኮል በል።

ደግሜ እላለሁ፦ ሽልማቱ አፋፍ ላይ፣ ካንተ በላይ ቺፕስ ያለውን ሰው በአስ-ጃክ አትንካ። ቺፕስህ እጥፍ ቢሆን የሽልማት ድርሻህ እጥፍ አይሆንም፤ ከተሸነፍክ ግን ሁሉም ይሄዳል። የላይኛው 49 እዚያ አይሠራም።

ኦል ኢን ስትል አስቀድመህ ተናገር። ዝም ብለህ አንድ ትልቅ ቺፕ ከጣልክ እንደ ኮል ይቆጠርብሃል።