ድምሬ ለምን ኔጌቲቭ ሆነ? የሲ ጥያቄና መልስ ከአራት ኪሎ

አራት ኪሎ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ነኝ። ላፕቶፔ ቻርጅ እስካለው ድረስ ስለ ሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጠይቁኝ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ከ1 እስከ 65,535 ስደምር ልክ ነው። 65,536ን ስጨምር ግን ኔጌቲቭ ያወጣል።

መ፦ ኢንት (ሲ ሙሉ ቁጥር የሚይዝበት ዓይነት) ሞልቶብህ ነው። ባለ 32 ቢት ኢንት ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። የመጀመሪያው ድምርህ 2,147,450,880 ስለሆነ ለጥቂት ተርፏል፤ ሁለተኛው 2,147,516,416 ነው።

ጥ፦ ሉፑን (እየደጋገመ የሚደምረውን ኮድ) ትቼ የመጨረሻውን ቁጥር በቀጣዩ አባዝቼ ለሁለት ባካፍልስ?

መ፦ ይብሳል። ማባዛቱ ስለሚቀድም ገና 46,341 ላይ ይሞላል።

ጥ፦ ከደመርኩ በኋላ ውጤቱ ከቀድሞው ካነሰ «ሞልቷል» እላለሁ። አይበቃም?

መ፦ እዚህ ላይ እኔም ወድቄያለሁ። እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ዞሮ ከታች ይጀምራል ብለህ አትመን፤ ሲ ይህን ቃል የገባው ለአንሳይንድ (ኔጌቲቭ ለማይዘው ዓይነት) ብቻ ነው። ኢንት ሲሞላ ምን እንደሚሆን ስታንዳርዱ (የቋንቋው ደንብ) አልደነገገም። ኮምፓይለሩም (ኮድህን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) «መቼም አይሞላም» ብሎ ስለሚነሳ «አነሰ ወይ?» የሚለውን መስመርህን እንዳለ ሊሰርዘው ይችላል። የኔ ፍተሻ ያለ ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን ማፍጠኛ) ደህና ሲሠራ ከርሞ፣ ኦ2 የሚባለውን የማፍጠኛ ደረጃ ሳበራ ድራሹ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ስፈልገው አደርኩ።

ስለዚህ ሳትደምር ጠይቅ። የምትጨምረው ፖዘቲቭ ከሆነ ከኢንት ማክስ (ኢንት ከሚይዘው ትልቁ ቁጥር) ላይ ቀንሰው፤ እስካሁን ያለህ ድምር ከቀሪው ከበለጠ አትደምር። ኔጌቲቭ ከሆነ ከኢንት ሚን (ከትንሹ) ላይ ቀንሰው፤ ድምርህ ከዚያ ካነሰ አትደምር።

ጥ፦ ለእያንዳንዱ መደመር ይህን ሁሉ ልጻፍ?

መ፦ ኧረ አትድከም። ጂሲሲና ክላንግ የሚባሉት ኮምፓይለሮች ፈትሾ የሚደምር ቢልትኢን (አብሮ የተሠራ) ፈንክሽን አላቸው፤ ሲ23 የተባለው የሲ ስታንዳርድ ደግሞ ሲኬዲ አድ የሚባለውን አምጥቷል። ከሞላ «እውነት» ብሎ ይመልስልሃል። መልሱን ማየት ግን ያንተ ሥራ ነው።

ጥ፦ ባለ 64 ቢቱን ሎንግ ሎንግ ብጠቀምስ? ሴት ነኝ፣ «አንተ» እንዳትለኝ።

መ፦ እሺ እህቴ። ለዚህ ሥራ ከሁሉም ቀላሉ ያንቺ ነው። ከ1 እስከ ኢንት ማክስ ብትደምሪ እንኳ ሎንግ ሎንግ ከሚይዘው ሩቡን አያልፍም። ሎንግ ብቻውን ግን ዊንዶውስ ላይ 32 ቢት ነው፤ እንዳያታልልሽ።

ጥ፦ የፒያሳ ሱቃችንን ሽያጭ በሳንቲም ነው የምይዘው። ኢንት ይበቃኛል?

መ፦ ጠቅላላው 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም እስኪደርስ ብቻ። ሱቁ የወርቅ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሎንግ ሎንግ ቀይረው።

ጥ፦ መጨረሻው ኢንት ማክስ ሲሆን ሉፔ አልቆም አለ።

መ፦ ቆጣሪህም ኢንት ነዋ! ከኢንት ማክስ የሚበልጥ ኢንት ስለሌለ «ያንሳል ወይም እኩል ነው» የሚለው ሁሌም እውነት ነው። ቆጣሪውንም ሎንግ ሎንግ አድርገው። ቻርጄ 4 ፐርሰንት ቀርቶታል፣ ቻው።