የ9 ወር ልጄ ስጠራው አይዞርም (መልስ)
እህቴ፣ ልጅሽ ስትጠሪው አለመዞሩና «ባባባ» ማለት መተዉ ቢያሳስብሽ ልክ ነሽ። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» የሚሉሽን ለጊዜው ተያቸው። የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት «አጉ» ይላል፣ ይስቃል፣ ስለዚህ ያኔ ድምፅ ማውጣቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። በር ድው ሲል መደንገጡም እንደዛው፣ ንዝረቱ ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። እስኪ አባቱ ፊት ለፊት በአሻንጉሊት ያጫውተው፣ አንቺ ከኋላው ሆነሽ ጥላሽ ሳይታየው ቀስ ብለሽ ጥሪው። የእኔዋ በዚህ አልዞር ስትል ነው የወሰድኳት፤ ጆሮዋ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። ዞረም አልዞረም ግን ይሄ የቤት ሙከራ ነው፣ የጆሮ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ተኝቶ እያለ ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ሽቦ ተለጥፎ የሚሠራ ምርመራ አለ፣ ምንም አያምም።