ፓስታችን ለምን ገንፎ ይሆናል? የጎረቤት ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት መሀል ከተማ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ 11 ዓመት ፓስታ ቀቅያለሁ። ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ደረጃ ላይ እያስቆመ ይጠይቀኛል። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ «በሉ ሁላችሁም ጠይቁኝና አንዴ ልጻፈው» አልኩ። ይኸው።

እትዬ፣ ፓኮው ላይ 9 ደቂቃ ይላል። በ9 ደቂቃ ሳወጣው ጥሬ ነው። ትንሽ ስተወው ደግሞ ገንፎ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው የፓስታው?

የከፍታው ነው። ፓኮው ላይ ያለው ደቂቃ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው የተጻፈው። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ውሃችን በ92 አካባቢ ይፈላል። እንጦጦ ጫፍ ብትወጪ ወደ 90 ይወርዳል። ቡልቅ ቡልቅ ማለቱ አያታልልሽ፤ እሳቱን ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ፓስታው ይበስላል፣ ግን ቀስ ብሎ።

እኔ ፓኮው ላይ ያለው ሰዓት ሲሞላ መቅመስ እጀምራለሁ። ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ክር አውጪና በጥርስሽ ቁረጪው፣ ከዚያ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ መስኮቱ አድርገሽ እዪው። መሀሉ ላይ ነጭ ነጥብ ታያለሽ። ነጥቡ ወፍራም ከሆነ ገና ነው። የመርፌ ጫፍ ሲያክል አውጪው፣ የቀረውን ስጎው ውስጥ ይጨርሳል። ነጥቡ ጠፍቶ ክሩ ዳር ዳሩን ማበጥ ከጀመረ አልፎሻል። ጣልያኖቹ «አል ዴንቴ» የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ ለጥርስ እንደማለት።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ለአንድ ፓኮ 5 ሊትር የሚሉት ነገር እውነት ነው?

ድሮ የተባለው ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ነው፣ ለግማሽ ኪሎ 5 ሊትር ማለት ነው። ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ለሚወጣ ሰው ይህን አልናገርም። 3 ሊትር ይበቃል። ግን የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች ከድስቱ አጠገብ አትራቁ፣ አማስሉ። ፓስታው የሚጣበቀው ያኔ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ስታርች፣ ማለትም ዱቄቱ ውስጥ ያለው የሚያጣብቀው ነገር፣ ገና ሙጫ ሲሆን። ጨው ለ3 ሊትር አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ። በኋላ ስጎው ላይ የሚጨመር ጨው ፓስታው ውስጥ አይገባም።

ውሃውን ስታጠልሉ አንድ ኩባያ ማስቀረት አትርሱ። ለምን እንደሆነ ስጎው ጋ እነግራችኋለሁ።

እንዳይጣበቅ ዘይት ጠብ ማድረግስ?

ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ፓስታውን አያገኘውም። ስታጠልሉት ደግሞ ይቀባውና ስጎው ይንሸራተታል። ዘይት በዚህ ዋጋ!

እናቴ ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበዋለች። ስህተት ነው?

የኔም እናት ታጥብ ነበር፣ ነፍሷን ይማረው። እናቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። ከለስላሳ ስንዴ፣ ማለትም ከዳቦ ስንዴ የተሠራ ፓስታ ከእሳት ከወረደ በኋላም መላላቱን አያቆምም። ቀዝቃዛ ውሃ ያስቆመዋል። ግን ስጎውን የሚይዘውን ስታርች አብሮ ያጥበዋል። ለሰላጣ የሚሆን መኮሮኒ ከሆነ እጠቡ። ትኩስ የሚበላ ከሆነ ይልቅ ቀድማችሁ አውጡት።

የትኛውን ፓስታ ልግዛ?

የፋብሪካ ስም አልጠራም። ፓኮውን አዙሩና «ዱረም» የሚል ፈልጉ። ዱረም ጠንካራ ስንዴ ነው፣ ክሩ ተሰብስቦ ይቆያል። እኛም አገር፣ ለምሳሌ ባሌ ላይ፣ ይዘራል። ጽሑፉን ካላመናችሁ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት። ጥሩው የማር ዓይነት ቢጫ ነው፣ ሲሰበር ቀጭ ይላል። ነጣ ያለውንና ዱቄት ዱቄት የሚመስለውን ከገዛችሁት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ቅመሱት። ከገንፎው የሚለየው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

እየቀቀልኩ መብራት ሄደ። ልድፋው?

ኧረ በጭራሽ! ፓስታው ከገባ በኋላ 3 ደቂቃ እንኳ ከፈላ አትጨነቁ። ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ ድስቱን በፎጣ ጠቅልሉት። ስታርች ለመብሰል የሚንተከተክ ውሃ ሳይሆን ትኩስ ውሃ ነው የሚፈልገው። ትንሽ ዘግየት ይላል እንጂ ይደርሳል፣ መሀል ላይ አንዴ አማስሉት። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ብዬ አሁን መብራት እያለም የማደርግበት ቀን አለ። ውሃው ገና ሳይፈላ ከሄደባችሁ ግን ቡታጋዝ ያለው ጎረቤት አንኳኩ።

ስጎዬ ይኮመጥጣል፣ ሳህኑ ሥርም ውሃ ያቁራል። ምን ላድርግ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ስጎ፣ ሳልሳና ፎርማጆ የሚሉት ቃላት ግን ኩሽናችን ውስጥ አሉ። አሠራሩን ነው ያቻኮልነው።

ሽንኩርቱን ደቃቅ አድርጉና በዘይት ቀስ ብሎ ይብሰል፣ 15 ደቂቃ አይብዛባችሁ። ለወጥ ስታቁላሉ ትታገሡ የለ? ጣፋጩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ ሳልሳ ካላችሁ አንድ ማንኪያ ብቻዋን ዘይቱ ላይ ትጠበስ፣ ቀይነቷ ጠቆር እስኪል። ጥሬ ሳልሳ ነው የሚኮመጥጠው። ቲማቲሙ ገብቶ ዘይቱ ዳር ዳሩን ሲወጣ ደርሷል። አሁንም ከኮመጠጠ የተፈቀፈቀ ካሮት ወይም ቁንጥር ስኳር። በሶብላ ካለ በመጨረሻ ጣል ይደረግ።

ውሃ ማቆሩ የሚመጣው ፓስታውን ሳህን ላይ ዘርግታችሁ ስጎውን ከላይ ስለምታፈሱ ነው። ተዉት። ፓስታውን ስጎው ውስጥ ጨምሩ፣ ከዚያች ካስቀራችኋት ኩባያ ግማሹን ጠብ አድርጉ፣ በሞቀ እሳት 1 ወይም 2 ደቂቃ አገላብጡ። መጀመሪያ ውሃ በዛበት ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ከዚያ ድንገት ይወፍርና ክሩ ላይ ይለጠፋል፣ ያብለጨልጫል። ድስቱን ስታዘነብሉ ሥሩ ላይ የሚወርድ ውሃ የለም። ዘይቱንና ቲማቲሙን ያዋሃደው ያ የደፈረሰ ውሃ ነው። ምግብ ቤት የሚጣፍጣችሁ ሌላ ምስጢር ኖሮት አይደለም።

የተፈጨ ሥጋ ከገባበት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። ሥጋውም የሚፈላው በዚያው በ92 ዲግሪ ነው።

በርበሬ ይግባበት?

አንድ የጣልያን ማኅበር የቦሎኛን የሥጋ ስጎ አሠራር በፈረንጆቹ 1982 በከተማው ንግድ ምክር ቤት አስመዝግቧል። በርበሬ የለበትም። ነጭ ሽንኩርትም የለበትም፣ ወተት ግን አለበት! ስለዚህ እነሱን ለመምሰል ከሆነ ነጭ ሽንኩርታችንንም መተው ሊኖርብን ነው። እኔ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ከሽንኩርቱ ጋር አቁላላለሁ። ባለቤቴ አንድ ሙሉ ይፈልጋል። በሱ ላይ አልተስማማንም።

በጾም ይበላል?

ደረቁ ስፓጌቲና መኮሮኒ አብዛኛው ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው። እንቁላል የሚገባባቸው ዓይነቶች አሉ፣ በተለይ ጠፍጣፋዎቹ፤ ፓኮውን አንብቡ። ፎርማጆ ቀረ ብላችሁ አትዘኑ፣ የፓስታው ውሃ ራሱ ስጎውን ወፈር ያደርገዋል።

ለልጆች ምሳ ዕቃ ጠዋት የሠራሁት እኩለ ቀን ላይ አንድ ጡብ ይሆናል።

ክሩን ተዪውና መኮሮኒ አድርጊ። አንድ ደቂቃ ቀድመሽ አውጪው፣ ስጎውንም ቀጠን አድርጊው። እስከ ምሳ ድረስ የሚጠጣው ነገር ይፈልጋል። ሌሊት የተረፈ ከሆነ ደግሞ ማሞቂያው መጥበሻ ነው፣ ከ2 ማንኪያ ውሃ ጋር።

እትዬ፣ ፓስታ በእንጀራ መብላት ነውር ነው?

የጠየቅሽኝ ልጅ ቤቴ ገብተሽ አይተሽኛል መሰለኝ። እሁድ ማታ የተረፈውን እንጀራ ላይ አድርጌ ነው የምበላው። ለእንጀራ ከሆነ ስጎውን ጠጠር አድርጊው፣ ፓስታውንም ሦስት አራት ቦታ ሰብረሽ ቀቅይ። ረጅሙ ክር ከጉርሻ ያመልጣል፣ ነጠላዬን ስንቴ አበላሽቶብኛል።