«ጥረት ይደረግ» ብላችሁ አትጻፉ፦ ለወጣት የሕፃናት መብት መርማሪዎች

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዷ «ማስገደድ ካልቻለ እንባ ጠባቂ ለሕፃን ምን ይፈይዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰችው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚቀርብ አቤቱታን የሚመረምረው የእንባ ጠባቂ ተቋማችን የማስፈጸም ሥልጣን ይኑረው ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን አዋጁን አንብባችሁታል? ከአዋጅ ቁጥር 211/1992 ጀምሮ ከምርመራ በኋላ የምንጽፈውን የመፍትሔ ሐሳብ ያለ በቂ ምክንያት አለመፈጸም በወንጀል ያስጠይቃል። ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በቂ ምክንያት የሚያቀብለው ብዙ ጊዜ የራሳችን ደብዳቤ ነው።

አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አስቡ። የአምስት ዓመት ልጅና የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ አንድ ክፍል ያድራሉ፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር አይዘጋም፤ የማታ ሞግዚቷ አንድ ናት። መርማሪው ይህን ሁሉ አይቶ «አያያዙ እንዲሻሻል አስፈላጊው ጥረት ይደረግ» ብሎ ይጽፋል። ኃላፊው አንሶላ ገዝቶ «ጥረት አድርጌያለሁ» ቢል ማን ይረታዋል? ደብዳቤው ግንቦት ላይ ከደረሰው ደግሞ «በጀት አልተያዘም» ይላል፤ እውነቱን ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቢጀምርም የመሥሪያ ቤቶች ጥያቄ የሚጠናቀረው ወራት ቀደም ብሎ ነው።

ስለዚህ ነጣጥሉት። መኝታ ለመለየትና ለአደጋ ጊዜ ከውጭም የሚከፈት መቀርቀሪያ ለመግጠም ሰባት ቀን ይበቃል። ሁለተኛ ሞግዚት መደብና በጀት ትፈልጋለች፤ እስክትቀጠር ማን ተረኛ እንደሚሆን ጨምራችሁ፣ የበጀት ጥያቄው ከመጠናቀሩ በፊት ላኩ። ፈጻሚውን በሥራ መደቡ ጥሩ፤ «የሚመለከተው አካል» የሚባል ተከሳሽ የለም። መዝገብ ቤት አስገቡና በግልባጩ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ተቀበሉ። ቀኑ ሲደርስ በስልክ አትጠይቁ፤ ሄዳችሁ በሩን ራሳችሁ ቀርቅሩት። የዛሬ ልጆች ፎቶ ማንሳት ትወዳላችሁ፤ የሕፃን ፊት ያለበት ፎቶ ከመዝገቡ አይውጣ።

ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ተቋሙ አይመረምርም፤ አቤቱታ ስትቀበሉ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

ኖርዌይ በ1981 እ.ኤ.አ. በዓለም የመጀመሪያውን የሕፃናት እንባ ጠባቂ ስታቋቁም የመሥሪያ ቤቶችን ውሳኔ የመሻር ሥልጣን አልሰጠችውም፤ የሚሰማውም በሕዝብ ፊት ስለሚናገር ነው። እኛ ዘንድ ግን ያ ብቻ አይበቃም እላለሁ። የወንጀል ቅጣቱም ቢሆን፣ ኃላፊው ቢታሰር ሞግዚት አትቀጠርም። የሚያስፈልገው ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ተቋሙ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ይፈጸም» የሚል ትእዛዝ የሚያገኝበት ድንጋጌ ነው። እስከዚያው፣ ሪፖርቱ አራት ኪሎ ምክር ቤት ሲቀርብ ያልተፈጸመው በመቶኛ ብቻ አይነገር፤ የማሳደጊያው ስም፣ የኃላፊው መደብና ያለፈው ቀን ይዘርዘር።