ለአገር ቡድን መተኮስ ለምትሹ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አሜሪካ ያደጋችሁና በየአካባቢያችሁ ክለብ ዒላማ መተኮስ የጀመራችሁ አንዳንዶቻችሁ፣ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ለመመረጥ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ጠይቃችሁኛል። ኦሃዮ ውስጥ በቶርኖ ሥራ የውድድር ጠመንጃ በርሜል ሳበጅ፣ በእረፍት ቀናት ደግሞ ስወዳደር የኖርኩ ሰው ነኝና ልመልስላችሁ የምችለው ስለ ቤንችረስት ብቻ ነው። ይህ ስፖርት በኦሊምፒክ ውስጥ የለም፤ ደመወዝ የለውም፤ ጋዜጠኛም አይከተለውም። ያም ሆኖ የዓለም ሻምፒዮና አለው፤ አገሮችም አራት አራት ተኳሾች ያሉባቸውን ቡድኖች ይልካሉ።

አጨዋወቱን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ጠመንጃው ከፊት በማስቀመጫ፣ ከኋላ በአሸዋ ከረጢት ላይ ያርፋል፤ ተኳሹም ከኮንክሪት ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ በ7 ደቂቃ ውስጥ አምስት ጥይት ለውጤት ይተኩሳል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ከሥር ባለው የሙከራ ዒላማ ላይ የፈለገውን ያህል መተኮስ ይፈቀድለታል። የሚለካው አምስቱ ቀዳዳዎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደተቀራረቡ ነው፤ እጅግ የተራራቁት ሁለቱ ከመሀል እስከ መሀል ይለካሉ፤ ይህም ግሩፕ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በ100 ያርድ አምስት፣ በ200 ያርድ አምስት ግሩፕ ይተኮስና አማካዩ ይወሰዳል።

ልነግራችሁ የምፈልገው ዋና ነገር ከዚህ አማካይ የሚነሣ ነው። አንድ ተኳሽ አራቱን ግሩፕ በ0.20 ኢንች፣ አምስተኛውን በ0.45 ኢንች ቢተኩስ አማካዩ 0.25 ይሆናል። ሌላው አምስቱንም በ0.23 ቢተኩስ፣ አንድም ጊዜ የመጀመሪያውን ያህል ጠባብ ግሩፕ ሳያሳይ ይበልጠዋል። ለብሔራዊ ቡድን የሚደረገው ምርጫ በብዙ ቦታ የአንድ ቀን ማጣሪያ ሳይሆን በተመደቡ ውድድሮች የተሰበሰበ ውጤት ስለሆነ፣ ይህ ስሌት እየተደጋገመ በተኳሹ ላይ ይፈርዳል። ወጣቶች በየክለቡ ግድግዳ የሚሰቅሉት ትንሹን ግሩፓቸውን ነው፤ ከቡድኑ ደጅ የሚመልሳቸው ግን ትልቁ ነው። ስለዚህ የልምምድ መዝገባችሁን ስትይዙ በየዕለቱ የከፋውን ግሩፕ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ከጎኑም ነፋሱ ምን ይመስል እንደነበርና ለምን እንደተኮሳችሁ አስፍሩ። «ለምን ተኮስኩ?» የሚለውን ጥያቄ በሐቀኝነት ከመለሳችሁት፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የጠመንጃው ጉድለት ሳይሆን የእናንተ መቸኮል ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ነፋሱን በቁጥር እንየው። 68 ግሬን (4.4 ግራም ገደማ) የሚመዝንና በሴኮንድ ወደ 3,250 ጫማ የሚወነጨፍ አረር፣ የጎን ነፋስ በሰዓት በ1 ማይል ብቻ ቢለወጥ በ100 ያርድ ወደ 0.08 ኢንች ይገፋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ በእጥፍ ብቻ አያድግም፤ በ200 ያርድ አራት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ፊት ላይ የማይሰማ የነፋስ ለውጥ አንድን ግሩፕ ሊያበላሽ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የነፋስ ባንዲራዎቻችሁን ከጠረጴዛው እስከ ዒላማው ድረስ በየርቀቱ ትከሉ፤ ለጠረጴዛው የሚቀርበው ባንዲራ የሚያሳየው ነፋስ አረሩን ገና ከመነሻው ስለሚያጣምመው ከሩቁ ይልቅ በእርሱ ላይ አተኩሩ። ነፋሱ ሲለወጥ ወደ ሙከራ ዒላማው ተመለሱ። የቀረው ደቂቃ በቂ ከሆነ እጃችሁን ከምላጩ ላይ አንሥታችሁ መጠበቅ አያሳፍርም። አምስቱን ጥይት በፍጥነት ማከታተል የሚወዱ ታላላቅ ተኳሾች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ እነርሱ ግን ፍጥነቱን የሚጠቀሙበት የመረጡት ነፋስ ሳያልፍ ለመጨረስ ነው፤ ጀማሪ ግን ፍጥነቱን ብቻ ይኮርጃል።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም፤ የዕድሜ ልክ ሙያዬ ቢሆንም። ሐኪሙ ሉዊስ ፓልሚሳኖና መሣሪያ ሠሪው ፌሪስ ፒንደል በ1975 እ.ኤ.አ. ካወጡት 6 ፒፒሲ ጥይት በኋላ፣ በአጭር ርቀት ውድድር ላይ ከሚሰለፉት ተኳሾች አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት ጥይት ይተኩሳሉ። (ከሁለቱ አንዱ የኔው ሙያ ባልደረባ መሆኑ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።) የጠመንጃዎቹ ልዩነት እንዲህ ከጠበበ፣ በአዲስ ጠመንጃ የሚገዛ ብልጫም ትንሽ ነው። ያገለገለ ደኅና ጠመንጃ ግዙ፤ በተረፈው ገንዘብ አዲስ በርሜል አስገጥሙ፤ የውድድር በርሜል ከ1,000 ጥይት ገደማ በኋላ ጥራቱ መውረድ ሊጀምር ይችላልና ይህ ወጪ በየጊዜው እንደሚመለስ አስቡ።

ለመመረጥ የሚያስፈልገውን ደንብ ከሰው አፍ አትስሙ፤ የአገሪቱን የቤንችረስት ማኅበራት ደንብ ራሳችሁ አንብቡ። በአሜሪካ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ብሔራዊ የቤንችረስት ተኳሾች ማኅበርና በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ ማኅበር የየራሳቸው ውድድር አላቸው፤ የትኛው ውድድር ለምርጫ እንደሚቆጠር፣ የዜግነት መስፈርቱም ምን እንደሆነ የውድድር ዘመኑ ሳይጀምር ለዩ። የእኛ ማኅበረሰብ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር መጨመር አለባችሁ፤ በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ ሲችል፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ይከለከላል፤ የየክፍለ ግዛቱ ሕግም በላዩ ይታከላል። ወረቀታችሁ ያልተጠናቀቀ ከሆነ ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ክለቡ የተዋሳችሁትን መሣሪያ ስለ ሰጣችሁ ብቻ ነገሩ የተፈቀደ አይሆንም።

ብዙ ተመራጮች ያልጠበቁት ችግር የሚገጥማቸው ወደ ውጭ አገር ሲጓዙ ነው። ቤንችረስት ተኳሽ ጥይቱን በተኩስ ሜዳው ላይ፣ በየግሩፑ መካከል በእጅ የሚሞላ ሰው ነው፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ሲለወጥ የባሩዱን መጠን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ባሩድም ሆነ ባሩዱን የሚለኩሰው ካፕሱል ለብቻው በአውሮፕላን መጓዝ አይፈቀድለትም፤ ተሞልቶ የተዘጋጀ ጥይትም ቢሆን ለአንድ መንገደኛ በአብዛኛው እስከ 5 ኪሎ ብቻ ነው። ቀለህና አረር ይዛችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ፤ ባሩዱንና ካፕሱሉን ግን አስተናጋጁ አገር አስቀድሞ እንዲያዘጋጅላችሁ ማዘዝ አለባችሁ። አንድ ስም ያለው ባሩድ እንኳ ምርቱ በተለያየ ጊዜ ሲወጣ ጠባዩ ስለሚለያይ፣ እዚያ ስትደርሱ ለጠመንጃው የሚስማማውን መጠን እንደገና መፈለግ ይጠበቅባችኋል። ለዚህ የሚሆን የልምምድ ቀን በጉዞው ዕቅድ ውስጥ ካልተካተተ፣ አሜሪካ ውስጥ ያገኛችሁት አማካይ አይከተላችሁም። ጠመንጃውንም ከመነሣታችሁ በፊት በጉምሩክ ቀርባችሁ በቅጽ 4457 አስመዝግቡ፤ ያለዚያ ስትመለሱ የራሳችሁ መሆኑን ማስረዳት ያስቸግራችኋል።

አሁን ደግሞ ለማይመረጡት ልጻፍ፤ አብዛኞቻችሁ እነርሱ ናችሁና። አራት ሰው በሚመረጥበት ስፖርት አምስተኛ መሆን ያማል፤ ያም ሆኖ አራቱ ያለ አምስተኛውና ያለ ስድስተኛው ሥራቸውን በደንብ ሊሠሩ አይችሉም። በውድድሩ ሳምንት ባንዲራ የሚተክል፣ በየጠረጴዛው ነፋሱ እንዴት እንደሚለያይ የሚመዘግብ፣ በርሜል ለመጥረግ የሚያግዝ፣ የመተኮሻ ሰዓቱን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ተኳሽ ከጠረጴዛው ሲነሣ የጠመንጃው መዝጊያ መውጣቱን የሚያይ ሌላ ዓይንም ያስፈልጋል፤ የደኅንነት ደንብ የሚጣሰው ሰው ሲደክም ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የዋለ ሰው የሌሎችን የነፋስ አነባበብ ከቅርብ ይማራል፤ በቀጣዩ ምርጫ የተሻለ ሆኖ ሲመጣም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህን ሥራ እንደ ማጽናኛ የሚያቀርቡላችሁን አትስሙ፤ ሥራው ራሱ ብቃት ይጠይቃል፤ ጥሩ ነፋስ መዝጋቢም ከጥሩ ተኳሽ ይልቅ ብርቅ ነው።

ገንዘቡም በአብዛኛው ከተኳሾቹ ኪስና ከደጋፊዎች ነው የሚመጣው። በክለቦች የተለመደው መንገድ በርሜል፣ የጠመንጃ ሠሪ የሥራ ቀን ወይም የአሸዋ ከረጢት በስጦታ ሰብስቦ ዕጣ ማውጣት ነው፤ የዕጣ ሕግ በየክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ ትኬት ከመሸጣችሁ በፊት አጣሩ። የእኛ ሰዎች ዕቁብ ስለሚያውቁ በየወሩ ጥቂት መዋጣት እንግዳ አይሆንባቸውም፤ ዘመዶቻችሁን ስትጠይቁ ግን ጠመንጃው ለምን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያሠለጥናችሁ አብራችሁ አስረዷቸው፤ ጦርነት አይተው የመጡ ወላጆች የጠመንጃ ነገር ቢከብዳቸው ልትፈርዱባቸው አይገባም። የሰበሰባችሁትን ገንዘብ በአንድ ሰው ስም አታስቀምጡ፤ ሁለት ፈራሚ ያለው ሒሳብ ክፈቱ። ቡድኑ ከተመለሰ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ለባሩድ፣ ለትኬት፣ ለማረፊያ ምን ያህል እንደወጣ የሚያሳይ ዝርዝር ሃያ ዶላር ለሰጠውም ሺህ ለሰጠውም እኩል ይድረስ፤ ገንዘብ ከተረፈም ለሚቀጥለው ቡድን እንደሚተላለፍ በዚያው ዝርዝር ላይ ጻፉ።